በእሱ ፈንታ ማን ዘመተ?

ማርች 8 ቀን 1971 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ዓይንና ጆሮ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ነበር። መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር፣ እስከዚያ ቀን ሁለቱም ተሸንፈው የማያውቁ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። አሊ በ15ኛው ዙር በፍሬዘር ግራ እጅ ተዘረረ፤ ቶሎ ቢነሣም በነጥብ ተሸነፈ። ወደ መድረኩ የወጣው ግን የ5 ዓመት እስራት ተፈርዶበት፣ ይግባኙ እስኪታይ ከወህኒ ውጭ ሆኖ ነው። ጥፋቱ ቬትናም አልዘምትም ማለቱ ነበር።

በዚያው ዕለት ዋሽንግተን ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። ጊሌት እና ኔግሬ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቀረቡት አቤቱታ በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ጦርነትን ሁሉ አንጠላም፤ ይህኛው ጦርነት ግን ስህተት ስለሆነ ሕሊናችን አይፈቅድልንም። ጊሌት አገሩ ብትወረር ወይም የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም ማስከበር ቢጠራው እንደሚሄድ ተናግሯል። ኔግሬ ደግሞ ካቶሊክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከቅዱስ አውግስጢኖስ ዘመን ጀምሮ ፍትሐዊውን ጦርነት ፍትሐዊ ካልሆነው ለይ ብላ አስተምራዋለች። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ቬትናም እንዲሄድ ትእዛዝ ሲደርሰው ከሠራዊቱ አሰናብቱኝ አለ።

ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ሁለቱንም አልተቀበላቸውም። ሕጉ ከውጊያ ነፃ የሚያደርገው «ማንኛውንም ጦርነት» የሚቃወመውን ብቻ ነው ተባለ። በዚህ ሥርዓት ጠመንጃ ጨርሶ አልነካም የሚል ሰው መውጫ ያገኛል። እያንዳንዱን ጦርነት በሚዛን አስቀምጦ የሚመረምረው ግን አያገኝም።

የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ቱርጉድ ማርሻል ናቸው፤ የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ። ምክንያታቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «ይህኛውን ጦርነት ብቻ» የሚለው ተቃውሞ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱ ከሃይማኖት፣ ሌላው ከፖለቲካ፣ ሦስተኛው ከፍርሃት ይነሣል፤ ዛሬ ተቃውሞ የነበረው ነገ ሊለወጥ ይችላል። የምልመላ ቦርዶች ይህን ሁሉ መርምሩ ቢባሉ አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ የተማረውና ጥሩ አማካሪ ያለው ያመልጣል፤ መናገር የማይችለው ይዘምታል የሚል ሥጋት ነበራቸው።

ማርሻል የፈሩት ግን በሌላ በር ገብቶ ከደረሰ ቆይቷል።

የአሜሪካ የግዳጅ ውትድርና አፈሳ አልነበረም። ጎረምሳን ከመንገድ ወይም ከገበያ ለቅሞ በመኪና መጫን የለም፤ ሥራው የሚሠራው በደብዳቤ ነው። በመላ አገሪቱ ወደ 4,000 የሚጠጉ የአካባቢ ቦርዶች ነበሩ፤ አባሎቻቸው ደመወዝ የማይከፈላቸው የሠፈር ሰዎች ናቸው። ቦርዱ በየጊዜው ኮታ ይመጣለታል። 18 ዓመት የሞላውን ወንድ ሁሉ መዝግቦ ምድብ ይሰጠዋል፦ «1-ኤ» ለውትድርና ብቁ፣ «2-ኤስ» ተማሪ፣ «4-ኤፍ» በጤና ብቁ ያልሆነ። ኮሌጅ የገባ ሰው ትምህርቱን እስኪጨርስ ይቆያል። በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ዲክ ቼኒ ጥሪውን አምስት ጊዜ አስተላልፈዋል፤ ዶናልድ ትራምፕ አራት ጊዜ በትምህርት፣ አንድ ጊዜ በተረከዝ አጥንት ችግር። ኮሌጅ መክፈል ያልቻለው የሠራተኛ ልጅ ግን «1-ኤ» ሆኖ ይቀመጣል። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ባስጀመሩት ፕሮግራም ቀድሞ በፈተና የወደቁ ከ300,000 በላይ ወጣቶች መስፈርቱ ዝቅ ብሎላቸው ሠራዊቱን ተቀላቀሉ። ጄኔራል ለመሆን አይደለም፤ ከነሱም ብዙ ሰው ወደ ተዋጊ ክፍሎች ተልኳል።

ይህ ሥርዓት በተግባር ምን ይመስል እንደነበር በግልጽ ያሳየው ጋዜጠኛው ጄምስ ፋሎውስ ነው። በ1975 ዋሽንግተን መንዝሊ በተባለ መጽሔት ላይ ስለ ራሱ ጻፈ። የሃርቫርድ ተማሪ ሳለ ለጤና ምርመራ ተጠርቶ ከጓደኞቹ ጋር በአውቶቡስ ወደ ቦስተን የባሕር ኃይል ግቢ ሄደ። ለቁመቱ ከተወሰነው በታች እንዲሆን ክብደቱን ቀንሶ ነበር የቀረበው። ሐኪሙ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው የቀረበለትን መውጫ አላሳለፈም፤ ሰሞኑን መንፈሴ አልረጋ ብሏል አለ። ብቁ አይደለም ተብሎ ተጻፈለት። አብረውት ከመጡትም ብዙዎቹ ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት ይዘው ነበር።

እነሱ ሊጨርሱ ሲሉ ሌሎች አውቶቡሶች ገቡ። የመጡት ከቼልሲ ነው፤ ከቦስተን አጠገብ ካለች የሠራተኞች ከተማ። ከአውቶቡሱ የወረዱት ልጆች ከሃርቫርዶቹ በዕድሜ ያነሱ፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ከጦርነቱ በሕግ መውጫ እንዳለ የነገራቸው ያለ አይመስልም ነበር ይላል ፋሎውስ። በእሱ ግምት ከሃርቫርዶቹ አምስቱ ውስጥ አራቱ ሲቀሩ ከቼልሲዎቹ የሆነው ተቃራኒው ነው። ኮታው ደግሞ መሞላት አለበት። አንዱ በወረቀት ሲወጣ ቦርዱ ቁጥሩን አይቀንስም፤ ቀጣዩን ይጠራል። ፋሎውስ ያልሸሸው ጥያቄ በእሱ ፈንታ ማን ዘመተ የሚለው ነው፤ ጦርነቱ የሀብታም ልጆችን ቢወስድ ኖሮ ወላጆቻቸው ቀድመው ያስቆሙት ነበር የሚል ድምዳሜ ላይም ደርሷል።

መንግሥትም ነገሩ አድሎ እንዳለበት አልጠፋውም። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 በቴሌቪዥን ዕጣ ወጣ። የዓመቱ 366 ቀናት በየፊናቸው በሰማያዊ ፕላስቲክ እንክብል ውስጥ ተጠቅልለው በብርጭቆ ማሰሮ ተደረጉ። አንድ የምክር ቤት አባል እጃቸውን ሰደው የመጀመሪያውን አወጡ፤ ሴፕቴምበር 14። ከ1944 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በዚያ ቀን የተወለደ ወንድ ሁሉ ቁጥር 1 ሆነ። በመጨረሻ እስከ ቁጥር 195 ድረስ ያሉት ተጠሩ። አሳዛኝም አስቂኝም ነው፤ ዕጣው ራሱ በደንብ አልተደባለቀም። እንክብሎቹ በየወሩ ተራ ስለተጨመሩ በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት ቀድመው የመውጣት ዕድላቸው ሰፍቶ መገኘቱን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ወዲያው አሳዩ። ዲሴምበር የተወለደ ልጅ ጥፋቱ እናቱ በዚያ ወር መውለዷ ነው።

ከ1964 እስከ 1973 ለውትድርና ዕድሜ የደረሱት አሜሪካውያን ወንዶች 27 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ በግዳጅ ተመልምለው ሠራዊት የገቡት ወደ 2.2 ሚሊዮን ናቸው። በጦርነቱ 58,220 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞተዋል፤ የሞቱት ቬትናማውያን ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። የምልመላ ሕግ ጥሰው የታሰሩት ግን 3,250 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ የቀሩት ሚሊዮኖች በአብዛኛው እንደ ፋሎውስ በሕጋዊ በር የወጡ ናቸው።

ታዲያ የተጠራ ሰው ጦርነቱን ባያምንበት መሄድ አለበት?

መሄድ አለበት የሚሉት ጠንካራ ክርክር አላቸው። ኦገስት 1941 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የምልምሎቹን አገልግሎት የሚያራዝመውን ሕግ ያጸደቀው 203 ለ202 በሆነ ድምፅ ነው፤ በአንድ ሰው ብልጫ። የአውሮፓ ጦርነት ምናችን ነው የሚለው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ፐርል ሃርበር ተመታ። ያቺ አንዲት ድምፅ ባትኖር ኖሮ አሜሪካ ሂትለርን የሚገጥም ሠራዊት ሳይኖራት ትቀር ነበር ብለው ይከራከራሉ። ዜጋው ሁሉ የመሰለውን ጦርነት ብቻ ልምረጥ ቢል፣ ግብር ከፋዩም የወደደውን መንገድ ብቻ አሠራለሁ ቢል፣ አገር እንዴት ይቆማል ይላሉ።

ነገር ግን ኦገስት 1964 የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቬትናም ውስጥ እንዲዋጉ በር የከፈተው፣ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2 ነው ያለፈው። በአንድ ድምፅ ያለፈው ትክክል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የተስማማበት ደግሞ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ማክናማራ ራሳቸው በ1995 ባሳተሙት ትዝታ እኛ ተሳስተን ነበር ብለው ጽፈዋል። ጁን 1971 ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣቸው የፔንታጎን ምስጢራዊ ሰነዶች ደግሞ በየተራ የመጡ መንግሥታት ሕዝቡን እንዳሳሳቱ አሳዩ። የምክር ቤት ድምፅ ብዛት ለጦርነት ትክክለኛነት ማስረጃ እንዳልሆነ ከሁለቱ ታሪኮች በላይ የሚያሳይ የለም። ዘማቹ ፍርዱን የሚሰጠው ደግሞ መረጃው ከሱ ተደብቆ ሳለ ነው።

የኦስትሪያው ገበሬ ፍራንዝ ዬገርሽቴተር ከዚህ በጠበበ ቦታ ቆሞ ነበር። ለሂትለር አልዋጋም ሲል ጳጳሱ ስለ ቤተሰብህ አስብ ብለው መከሩት። ጎረቤቶቹም አልደገፉትም። ኦገስት 9 ቀን 1943 አንገቱ ተቀላ። በ2007 ያቺው ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ አወጀችው። የመንግሥትን ጥሪ መቀበል ሁልጊዜ ግዴታ ነው የሚል ሰው ይህን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ይኖርበታል፤ ያን የሚያደርግ ዛሬ ብዙ አይገኝም።

ስለዚህ ጥያቄው መሄድና መቅረት ላይ ብቻ ካበቃ ጎደሎ ነው፤ እንዴት እንደቀረና ዋጋውን ማን እንደከፈለም መጠየቅ ያስፈልጋል። አሊ ኤፕሪል 28 ቀን 1967 ሂዩስተን ከሌሎች ምልምሎች ጋር ተሰልፎ ቆመ። በቀድሞ ስሙ «ካሲየስ ክሌይ» ተብሎ ሲጠራ ሌሎቹ እንዳደረጉት አንድ እርምጃ ወደፊት መራመድ ነበረበት፤ አልተራመደም። እንቢ ማለት 5 ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ ለብቻው ተነገረው። እንደገና ተጠራ፤ አሁንም ባለበት ቀረ። ቀበቶውንና የቦክስ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ ምርጥ ጉልበቱ ላይ ሳለ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሳይቦክስ ቀረ። የስታንፎርድ ተማሪዎች ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪድ ሃሪስም የኮሌጅ ሽፋን እያለው እንቢ ብሎ 20 ወር ያህል ታሰረ። አልዋጋም፣ አላመልጥምም የሚሉት እነዚህ ሰዎች የቼልሲውን ልጅ በጓሮ በር ወጥተው ጥለውት አልሄዱም። ስማቸውን ለጥቃት አቅርበው ጦርነቱን በፍርድ ቤትና በአደባባይ ከሰሱት።

ሌላም መንገድ ነበር። የዌስት ቨርጂኒያው ቶማስ ቤኔት መግደልን ስለሚቃወም የሕክምና ረዳት ሆኖ ዘመተ። ፌብሩዋሪ 1969 የቆሰለ ጓዱን ለማንሣት ሲሮጥ ተገደለ፤ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ከሞት በኋላ ተሸለመ። የሸሹትም ቀላል ኑሮ አልጠበቃቸውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ካናዳ ገብተው ለዓመታት አገራቸውን መርገጥ አልቻሉም፤ ጂሚ ካርተር ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ ጃኑዋሪ 21 ቀን 1977፣ ምሕረት አደረጉላቸው። ምሕረቱ ምልመላን ያመለጡትን እንጂ ሠራዊት ከገቡ በኋላ የከዱትን አላካተተም፤ ከከዱት መካከል የቼልሲ ዓይነቶቹ ልጆች በዝተው ነበርና ጉዳዩ እንደገና ፍትሕን ያስነሣል።

አሊ ጁን 28 ቀን 1971 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ0 ድምፅ ነፃ ወጣ፤ ማርሻል ጉዳዩን አላዩም። የወጣው ግን በሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው፤ የምልመላ ይግባኝ ቦርዱ ሕሊናዬ አይፈቅድም የሚለውን ጥያቄውን ውድቅ ያደረገበትን ምክንያት አልገለጸም ነበር። የጊሌትና የኔግሬ በር አልተከፈተም።

በ1973 የግዳጅ ምልመላ ቆመ። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ከገባች በኋላ ካርተር በ1980 ምዝገባውን ብቻ መለሱት። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ የያዘ፣ ስደተኛም ሆነ ወረቀት የሌለው፣ በዚህ ምዝገባ ውስጥ ይገባል። በዲቪ ዕጣ ከቤተሰቡ ጋር ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የደረሰ የአዲስ አበባ ልጅም ጭምር ነው፤ አለመመዝገብ በኋላ ዜግነት ሲጠየቅና የፌዴራል ሥራ ሲፈለግ ጣጣ ያመጣል። ምዝገባው ስምና የልደት ቀን ይይዛል። ጦርነትን እቃወማለሁ የሚባልበት ቦታ የለውም፤ ያ ጥያቄ የሚታየው ምልመላው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን አመልካቹ መቃወም ያለበት ማንኛውንም ጦርነት ነው።