ነፃ አዳር፣ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ስልካችሁ ላይ «ቫን ላይፍ» የሚባለውን ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። አልጋና ምድጃ የተገጠመላት መኪና ሐይቅ ዳር ቆማለች፣ የኋላ በሯ ተከፍቷል፣ ፀሐይ እየወጣች ነው። እኔም ደስ ይለኛል። ቪዲዮው የማያሳየን ግን አለ፦ ያ ሁሉ ሰው ጠዋት ሽንት ቤት የሚሄደው የት ነው?

በዚህ ጉዳይ ኒውዚላንድ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ጭቅጭቅ አለ። አገሪቱ የራግቢ የዓለም ዋንጫን ልታስተናግድ ስትል፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ «ፍሪደም ካምፒንግ» ስለሚባለው ነፃ አዳር ሕግ አወጣች። በመርህ ደረጃ የአካባቢው ምክር ቤት በደንብ ካልከለከለ በቀር፣ እሱ በሚያስተዳድረው የሕዝብ መሬት ላይ መኪና አቁሞ ማደር ይቻላል።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ» ይባል የለ? እዚያም እንደዚያው ነው። ነዋሪው የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ፣ ቁጥቋጦው ሥር ሶፍት ተጥሎ ሲያይ ይናደዳል። የካምፕ ቦታ ያለው ነጋዴ ደግሞ «እኔ ግብር ከፍዬ፣ ሻወርና ኩሽና ሠርቼ ሳስከፍል፣ እንዴት ከመንገዱ ማዶ በነፃ ይታደራል?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሕጉ ግን ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ምክር ቤት አዳርን መገደብ የሚችለው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ቦታውን ለመጠበቅ፣ የጎብኚዎችን ጤናና ደኅንነት ለመጠበቅ፣ ወይም ወደ ቦታው መግቢያው እንዳይዘጋ። «የነጋዴው ገበያ ቀነሰ» የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ የለም። ቀልድም አይደለም፤ በ2024 የሞተርሆም ባለቤቶች ማኅበር የኩዊንስታውንን ምክር ቤት ከሶ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የምክር ቤቱን ደንብ ሽሮታል።

ታዲያ ተጓዡ እንደፈለገ ይሁን ማለት ነው? አይደለም። በ2023 የወጣው ማሻሻያ፣ ምክር ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር፣ በምክር ቤት መሬት ላይ በመኪናው የሚያድር ሰው መኪናው የተረጋገጠለት መሆን አለበት ይላል። ሽንት ቤቱም ከመኪናው ጋር የተገጠመ እንጂ ተንቀሳቃሽ ባልዲ አይሆንም፤ አልጋው ተዘርግቶም ቢሆን መጠቀም መቻል አለበት።

ለእኔ ሚዛኑ እዚህ ጋ ነው። የሕዝብ መሬት ለአንድ ነጋዴ ደንበኛ ለማምጣት ተብሎ መዘጋት የለበትም። ነጋዴው ሜዳው ላይ የሌለውን ይሽጥ፦ ሙቅ ሻወር፣ ልብስ ማጠቢያ፣ መብራት። ተጓዡም ቆሻሻውን ይዞ ሄዶ በተፈቀደለት ቦታ ይድፋ። ያለበለዚያ አዳሩ ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡን የከፈለው ጠዋት መጥረጊያ ይዞ የሚወጣው ነዋሪ ነው።