የሚገዛ መሣሪያና ለሁሉ የተከፈተ መሣሪያ



የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን ከባዶ አይጀምርም። ግንበኛ የተጠረበ ድንጋይ ተቀብሎ እንደሚገነባ፥ እርሱም አስቀድመው የተሰናዱ የፕሮግራም ክፍሎችን፥ መፈተኛዎችንና መመሪያዎችን ባንድነት ይቀበላል። ይህ ስብስብ በሙያው ቋንቋ ኤስ ዲ ኬ ይባላል። ዓይነቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው የንግድ፥ ሁለተኛው ምንጩ ክፍት የሆነ ነው። ከሁለቱ መምረጥ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን ውሉን የሚፈርመው ኃላፊም ተግባር ነው።

የንግዱ ስብስብ የሚገኘው በክፍያ ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ወይም በተጠቃሚው ባለሙያ ቁጥር ይታሰባል። በምትኩ ሻጩ በውሉ መሠረት ብልሽት ሲደርስ ይረዳል። ነገር ግን የውስጡ አሠራር የተሸሸገ ስለ ሆነ ሻጩ ዋጋ ቢጨምር ወይም ሥራውን ቢተው ገዢው ይቸገራል።

ምንጩ ክፍት የሆነውን ግን ማንም እንዲያነበው፥ እንዲያርመውና እንዲያሻሽለው ተፈቅዷል። ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሥራ ነው፤ የእጅ ስልክ ፕሮግራም መሥሪያ ስብስቡም እንደዚሁ ክፍት ነው። ስለዚህ የአገራችን ባለሙያ ለራሳችን አሠራር እንዲስማማ አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል።

ይሁን እንጂ ያለ ክፍያ ተገኘ ማለት ያለ ወጪ ተገኘ ማለት አይደለም። ጠጋኙ የራሳችን ሰው ስለሚሆን ደመወዙና ትምህርቱ ወጪ ነው። ፈቃዱም ግዴታ ሊኖረው ይችላል። ኪዩት የተባለው ስብስብ በሁለቱም መንገድ ይሰጣል፤ በክፍቱ ፈቃድ የወሰደው ሰው ስብስቡን ለውጦ ፕሮግራሙን ለሌሎች ቢያድል የለወጠውን ምንጭ ለተቀባዮቹ መግለጥ አለበት።

የሠለጠነ ሰው ከሌለ መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን ሠራተኞችን በጋፋት አስቀምጠው መድፍ አስፈሰሱ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ አደረጉ። በዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት አውሮጳውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ መድፉ በመቅደላ ቀረ፤ የጋፋት ሥራ ግን አልቀጠለም።

እንግዲህ ኃላፊው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሻጩ ቢሄድ ሥራችን ይቆማልን? መረጃችንን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ ማውጣት እንችላለንን? ከሠራተኞቻችን መካከል የመሣሪያውን ውስጥ የሚያውቅ አለን? ሥራው አስቸኳይ ሆኖ ባለሙያ የሌለው መሥሪያ ቤት የንግዱን ቢገዛ አይነቀፍም። ለብዙ ዘመን የሚቆይ የሕዝብ መዝገብ ግን በእጃችን ሊታረም በሚችል መሣሪያ ቢሠራ ይሻላል፤ ይህም የሚሆነው የፈቃድ ክፍያ የሚተርፍለት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ለሰው ማሠልጠኛ ሲያውለው ነው። ዛሬ ደብረ ታቦር ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪው አለ፤ ሥራውን ለእርሱ ማስረከብ የእኛ ፈንታ ነው።