ከጅቡ ራት በኋላ እንግዳው ወዴት ይሂድ?

ሐረር የሚመጣ እንግዳ ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። ጠዋት የጀጎልን ጠባብ መንገዶች ይዞራል፤ አንድ የሐረሪ ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ሰፌዶች ያያል፤ የራምቦ ቤት ይገባል። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ይመለከታል። በማግሥቱ ድሬዳዋ ወርዶ አውሮፕላን ይሳፈራል። አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት። ፈላና በር አካባቢ እንግዳ ይዘው የሚዞሩ ወጣቶችም ገቢያቸውን የሚያሰሉት በዚችው አንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛ ቀን የሚሸጡት ነገር የላቸውም።

ፈላና በር ግን ዱሮ ሰው የሚያሳድር በር ነበር። ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል፤ ከተማይቱን በሰሜን በኩል ወደ ቆላውና ወደ ባሕሩ መንገድ የሚያወጣ ነው። ከዘይላ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ቀናት ተጉዞ ደርሶ፣ ዕቃውን እስኪሸጥና ቡናና ቆዳ እስኪጭን ይሰነብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ቁልቁል ወረደ። ሐረር ከዚያ ወዲህ እንግዳ የማሰንበት ችግሯን አልፈታችም ማለት ይቻላል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር የእንግዳው ፍላጎት ጨምሯል፤ የቆይታው ርዝመት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ቀን ሊሆን የሚችለው ነገር ሩቅ አይደለም። ከሐረር በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጉርሱም ወረዳ፣ ቆንዱዶ የሚባል ተራራ አለ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስትሆን ቆንዱዶ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል ነው፤ ከሥሩ ያለው አገር ጫት፣ ማሽላና ለውዝ ሲሆን ላዩ ሣርና ጭጋግ ነው። ከሩቅ ሲያዩት በሞቃቱ ሜዳ መካከል የቆመ ደሴት ይመስላል። አናቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች መኖራቸው ደግሞ ስሙን ከአገር ውጭ አድርሶታል። ለቀው የዱር የሆኑ ፈረሶች በአፍሪካ ብርቅ ናቸው፤ የታወቁት የናሚቢያ በረሃዎቹ ሲሆኑ እነሱን ለማየት ከአውሮፓ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ።

ይህ ጸሐፊ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ከፈላና በር ገና ሳይነጋ ተነሣ። የተከራየነው ላንድክሩዘር ከጠቅላላ ወጪያችን ከግማሽ በላይ ወሰደ። ይህ በራሱ አንድ ዜና ነው፤ ወደ ተራራው ሄዶ ከሚያወጣው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ተራራው ሥር ለሚኖር ሰው አይደርስም ማለት ነው። በመንገዳችን ጫት ጭነው ወደ ገበያ የሚሽቀዳደሙ ፒክአፖች በተቃራኒው ያልፉናል። ጫት ሰዓት የማይሰጥ ዕቃ ነው፤ ጧት የተቆረጠ ለባርጫ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃል።

ተራራው ሥር ስንደርስ መንገድ የሚያሳየንና ውኃና ድንኳን የሚጭንልን ሰው ፈለግን። አንድ ጎልማሳ ገበሬ አህያቸውን ይዘው መጡ። አማርኛ አይናገሩም፤ ተማሪ ልጃቸው ያስተረጉማል። ዋጋ ስንጠይቃቸው ዝም አሉ። ልጁ መልሶ ጠየቃቸው፤ አሁንም ዝም። ለመደራደር መስሎን ነበር። ኋላ ልጁ እንዳስረዳን ግን ሰውየው ዋጋውን ስለማያውቁት ነው። አንድ እስር ጫት ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ፣ የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚከፈለው፣ የለውዝ ኩንታል ስንት እንደገባ ያውቃሉ። ተራራ መውጣት ግን ተሽጦ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዋጋ ፍላጎትና አቅርቦት ሲገናኙ ይወሰናል ተብለን ተምረናል፤ ሁለቱ ተገናኝተው እርስ በርስ ሲተያዩ ያየሁት ያን ጠዋት ነው። በመጨረሻ ልጁ አባቱ ያን ዕለት ጫት ማሳቸው ላይ ቢውሉ የሚያተርፉትን አስልቶ፣ ለአህያዋ ጨምሮ ነገረን። ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ የኢኮኖሚክስ መምህር ቢኖር ከዚህ የተሻለ አያስላውም።

አወጣጡ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ታችኛው ክፍል እርሻና ቁጥቋጦ ነው፤ ላይኛው ጠባብ የእግር መንገድ ሆኖ በአንዳንድ ቦታ በእጅ መያዝ ይጠይቃል። ምልክት የለም፤ ማረፊያም የለም። አናቱ ላይ ሌሊቱ ከሐረር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ብርድ ልብስ ያልያዘው ባልንጀራችን እስኪነጋ አልተኛም። ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ወራት ይምረጥ፤ ክረምት ላይ ጭቃውና ጭጋጉ አደገኛ ነው።

ፈረሶቹን አላየንም። ጭጋጉ ተነሥቶ ሜዳው ሲገለጥ ያየናቸው ከታች የወጡ የገበሬ ከብቶች ነበሩ። የዱር ፈረሶቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ደረጃ ላይ መድረሱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል፤ ለሸክም ተይዘው የወረዱም አሉ ይባላል። ገበሬው ላይ መፍረድ ግን ቀላል አይደለም። ሣሩ የሁሉም ነው፤ ፈረሱ የማንም አይደለም። ዛሬ ይዞ ያወረደ ሰው የሚጫን እንስሳ ያገኛል፤ የተወ ሰው ምንም አያገኝም።

ሐረርጌ ይህን ዓይነት ሒሳብ ከዚህ ቀደም አይታለች። የሐረማያ ሐይቅ የሁሉም ነበር። ሐረር ከተማ ትጠጣዋለች፣ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበታል፤ አንድ ሰው ሞተሩን ቢያጠፋ ጎረቤቱ ይስበዋል። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ፤ ከተማይቱም ውኃ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። ባለፉት ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ፈረስ ግን ዝናብ አይመልሰውም።

ተራራን ሸጦ መኖር የሚቻል መሆኑን ደባርቅ አሳይታለች። ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ያለ ታጣቂ ጠባቂ አይገባም፤ አስጎብኚው፣ ወጥ ሠሪው፣ በቅሎ ጫኙ በተራ ይመደባሉ። ለተራራው ሥር ነዋሪ የተራ ወረቀቱ ደመወዝ ማለት ነው። ሆኖም ያም ቢሆን በነጻ አልመጣም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ መደረጉ ነው። ኮሮናና የሰሜኑ ጦርነት ሲከታተሉ ደግሞ በእንግዳ ብቻ የሚኖር ሰው ምን እንደሚገጥመው ታይቷል። ጫት ያለው ገበሬ ጫቱን ነቅሎ እንግዳ ይጠብቅ የሚል ካለ ይህን ያስብ።

የቆንዱዶ የተለየ ችግር ሌላ ነው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱና አስጎብኚው ያሉት በሐረሪ ክልል ነው፤ ተራራው ያለው በኦሮሚያ፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን። እንግዳው ሁለተኛ ሌሊት ቢያድር የአልጋው ገንዘብ ሐረር ይገባል፤ ሣሩን ለፈረስ የሚተወው ግን የጉርሱም ገበሬ ነው። ከሆቴሉ አልጋ ላይ ለተራራው የሚቆረጥ ሳንቲም ካልኖረ ገበሬው ከብቱን ከሜዳው የሚያወርድበት ምክንያት አይታየኝም። ለማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ሁለቱ አስተዳደሮች ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባው ይኸው ነው። የራምቦ ቤት ባለቅኔው ራሱ አልኖረበትም እየተባለም የመግቢያ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ቆንዱዶ ሊቆረጥለት የሚገባ አንድ ትኬት ቢያጣ ያሳዝናል።

ስንወርድ ለገበሬው የተስማማነውን ከፈልን። ቆጥረው በኪሳቸው ካስገቡ በኋላ በልጃቸው በኩል አንድ ነገር ጠየቁን። እንደ እኛ ያለ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ? ሊመጣ እንደሚችል ነገርናቸው። እንግዲያው ቀድሞ በስልክ ይነገረን፣ ሁለት አህያ እናዘጋጃለን አለ ልጁ፤ የሁለቱን ዋጋም ያን ጊዜ አባቱን ሳይጠይቅ ራሱ ነገረን። ከጠዋቱ ጨምሯል።