የዶሮ ትልና የጨው ውሃ

የጓሮ ዶሮ ስትከሳና እንቁል መጣሏን ስትቀንስ በቅድሚያ የምንጠረጥረው የመኖ እጥረትን ነው፤ በአንጀቷ ግን አስካሪዲያ ጋሊ የተባለው ክብ ትል ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። የፊዚክስ መምህራን ምን አገባችሁ ለሚለን አንባቢ መልሳችን የአርኪሜድስ ሕግ ነው። ኩሷን በጨው በጠገበ ውሃ በጥብጠን ብናጠልለው፣ የውሃው እፍግታ በሚሊ ሊትር 1.2 ግራም ገደማ ስለሚሆን ቀለል ያለው የትሉ እንቁላል ይንሳፈፋል፤ በማይክሮስኮፕም ይታያል።

ፓይፐራዚን የተባለው መድኃኒት ጎልማሳውን ትል ሽባ አድርጎ ከኩስ ጋር ያስወጣዋል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስናል። መሬት ላይ የወደቀውን እንቁላል ግን አይነካም። ይህ እንቁላል በሞቃትና እርጥብ አፈር ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ለመተላለፍ ይደርሳል፣ ለወራትም ይቆያል፤ ድርቀትና የፀሐይ ሙቀት ይገድሉታል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተሰጠ ሰሞን እርጥቡ ጉዝጓዝ ይጠረግ፣ ወለሉንም ፀሐይ ይምታው፤ ይበልጥ የሚጎዱት ቄቦችም ከጎልማሶቹ ተለይተው ይመገቡ።