እሳት አጥፊውን የሚያሳምመው ሥራና የሕግ መብቱ

የእሳት ጭስ ጉዳት ከዓመታት በኋላም ይታያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አጥፊነትን ሥራ ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። በቂ ማስረጃ የተገኘው ለፊኛ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን ለሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ ነው። ሲቃጠሉ መርዛማ ጋዝ የሚያወጡ ፕላስቲኮች፣ የአዝቤስቶስ ብናኝና በልብስ ላይ የሚቀር ጥላሸት ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ አደጋ ሁሉ ካሳ የሚያስገኝ ጉዳት አድርጎ ይቆጥረዋል። በሽታው ለሥራው ዓይነት በወጣው ሠንጠረዥ ከተዘረዘረ፣ ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። ካልተዘረዘረ ግን ሠራተኛው ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይችላል። በሕክምና ላይ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያም ለስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፈለዋል። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የጉዳት ጡረታቸው በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ይወሰናል።

ካንሰር ዘግይቶ ስለሚገለጥ ትልቁ ችግር ማስረጃ ነው። ስለዚህ በጅማ ዞን በሰኮሩም ሆነ በጅማ ከተማ፣ የቡና መጋዘን ወይም የገበያ ቃጠሎ ያጠፋ ሁሉ ቀኑንና የተቃጠለውን ነገር ያስመዝግብ፤ የሕክምና ወረቀቱንም ይጠብቅ። አሠሪዎችም የመተንፈሻ መሣሪያና ወቅታዊ ምርመራ ሊያቀርቡ ይገባል።