ተጨማሪ መረጃ፦ የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈርና የድሬዳዋ አመሠራረት

ታላቅ ሐዲድ በምድረ በዳ በሚዘረጋበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሠራተኛው ማደሪያና የዕቃው ማኖሪያ ሊሰናዳ ግድ ነው፤ ሐዲዱ በገሠገሠ ቁጥር ድንኳኑ እየተነቀለ ይከተላል፣ ውኃውና ስንቁ ከኋላ በባቡር ይደርሳል፣ ሲሚንቶው ከምድር እርጥበት ከፍ ተደርጎ በጣሪያ ሥር ይከማቻል፣ ድማሚቱ ግን ሰው ከሚያድርበት ርቆ ለብቻው ይጠበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የምድር ባቡር ሥራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን በረሃ አቋርጦ በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ አቀበቱን መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ የሐዲዱ ጫፍ በዚያው ሜዳ ቆመ፤ የምድር ባቡሩ ኩባንያም ገንዘብ አጥቶ ሥራው ለዓመታት ስለ ተቋረጠ፣ አብዛኛው የሐዲድ ሰፈር ምልክቱ ሲጠፋ ይህኛው የባቡር መጠገኛ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት እየተጨመረለት የድሬዳዋ ከተማ ለመሆን በቃ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ መሐንዲሶቹና ስለ ባለገንዘቦቹ በስፋት ሲተርኩ፣ በዚያ ሐሩር በድንኳን እያደሩ ድንጋይ ስለ ፈለጡት የቀን ሠራተኞች ጥቂት ብቻ መናገራቸው እጅግ የሚያሳዝን ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፣ በድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ባሉት መንገዶቹ የዚያን ዘመን የከተማ አቀያየስ እስከ ዛሬ ያሳያል።