የንፍሮው ጂኦግራፊ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። ተጠሪነት ባብዛኛው ቅጽ መሙላትና የፈተና ጥያቄ መሰብሰብ ነው። ትምህርቱን ማስወደድ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

ችግሩ ግን ይታወቃል። 11ኛ ክፍል ላይ ጎበዝ የተባለው ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 ለ 30 ሆኖ ብዙው ድርሻ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ በተሰጠበት ዘመን ደግሞ «ሶሻል» የሰነፍ መጠጊያ ተደርጎ ተቆጠረ፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር። ለዚህ የተለመደው መድኃኒት ባነር መስቀልና በሚኒ ሚዲያ ማስለፈፍ ነው። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ የተሰለፈ ልጅ ይህን ይሰማል ብዬ አላምንም።

እኔ የሄድኩት ወደ ፊዚክስ መምህሩ ነው። ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ይዞ መጣ፤ ሻይ ክበብ በር ላይ ውኃ ጣድን። ውኃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። «ተበላሽቷል!» አሉ ልጆቹ። ከሸዋ ሮቢት የመጣች ተማሪ ግን «እኛ ጋ እኮ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል» አለች። ከዚያ በኋላ ማስተማር ቀላል ሆነ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውኃም ገና 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ ባቄላው ግን ሙቀቱን ስለሚፈልግ ምድጃ ላይ ይቆያል። ባልደረባዬ ግፊቱን ሲያስረዳ እኔ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ በጠመኔ ሣልኩ።

ወሬው መምህራን ማረፊያ ደረሰ። የታሪክ መምህሯ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስታስተምር አንኮበርን የሚያሳይ ካርታ ጠየቀችኝ። የካርታ ሥራ ኤጀንሲ ያሳተመው የ1፡50,000 ካርታ አለን፤ 1 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ተማሪዎቹ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲያዩ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ለምን ኮረብታ አናት ላይ እንደተሠራ ራሳቸው ተናገሩ። የሂሳብ መምህሩም ስለ ተዳፋት ሲያስተምር እነዚያኑ መስመሮች ያስቆጥራል።

ታዲያ ካርታው አንድ ብቻ ነው። ሰሞኑን ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ፈልገውት ሲጨቃጨቁ፣ በልቤ ደስ እያለኝ፣ ገላጋይ ሆኜ ዋልኩ።